ክቡር አለቀ በሉትና የኖራ ቤቶቻቸው

ስለ እኚህ ሰው መጻፍ የሚገባኝ እኔ አልነበርኩም። በደንብ አላውቃቸውም። በስድስት ዓመት ውስጥ አብሬያቸው የቆየሁበት ጊዜ ቢደማመር አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም፤ ከአንድ ጊዜ በቀር እኔ የተናገርኩትም "እሺ ጋሼ" የሚለውን ብቻ ነው። ከእኔ የበለጠ የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ግን ስለ እሳቸው ሲያወሩ ስለሚጮሁ ቁጭ ብለው መጻፍ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ለእኔ ደረሰኝ።

ቢሆንም አንድ ነገር በድፍረት እናገራለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሣር የበቀለበት ባዶ መሬት ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ አየር ዘርግቶ፣ "እዚህ ጋ ሳሎን፣ እዚያ ጋ መኝታ ቤት" የሚል። ግማሹ ሰው "አጭበርባሪ"፣ ግማሹ "ባለውለታችን" የሚለው፤ በመንገድ ሲያልፍ ግን ሁለቱም ወገን ከመቀመጫው ብድግ የሚልለት። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወይ ቤት ሠርቶላችኋል፣ ወይ እየጠበቃችሁት ነው።

የእኛው ሰው "አለቀ በሉት" ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ውሉ ላይ አለ፤ ውሉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ስላልነበረ ግን ስሙን የሚያስታውስ አልነበረም። "ጋሼ፣ ቤታችን መቼ ያልቃል?" ሲባሉ ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም። መሠረት ሳይቆፈር "አለቀ በሉት!" ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋ "አለቀ በሉት!" ሠራተኛው ሁሉ ወደ ሌላ ሥራ ሄዶ፣ ጥበቃው ብቻውን ቀርቶ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ መንገደኛ ሲቆጥር "አለቀ በሉት!" ሰው መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ማዕረግ ጨመረላቸውና ክቡር አለቀ በሉት ሆኑ። እሳቸውም አልተቀየሙም።

የሥራ ታሪካቸውን የሰማሁት ከሰው አፍ ነውና ግማሹን ቀንሳችሁ ውሰዱት። መጀመሪያ በር ነጋዴ ነበሩ አሉ። አርባ የእንጨት በር በአንድ ጊዜ ገዙና ገዢ አጡ። "እንግዲያው በሮቹ ቤት ያስፈልጋቸዋል" ብለው ቤት መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሕንፃቸው አሥራ አንድ ቤትና አርባ በር አለው። እዚያ የሚኖር አንድ ዘመዴ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ መልሶ እዚያው መኝታ ቤት የሚያገባው በር አለው። ሁለተኛው ሕንፃ የታወቀው በበረንዳው ነው። ከመንገድ ሲያዩት ያምራል፣ የብረት አጥሩ አበባ አበባ ነው፤ ከቤት ወደ በረንዳው የሚያስወጣ በር ግን የለም። በሮቹ አልቀውባቸው ነበር።

ሦስተኛው ሕንፃ ፍርድ ቤት አቆማቸው። ከሳሾቹ አሥራ ስድስት ሆነው ገቡ። ከሰዓት ሲወጡ ዘጠኙ በአራተኛው ሕንፃ ላይ ቤት ለመግዛት ተመዝግበው ነበር። በዚህ ነገር ሰው ሲከራከር ብዙ ሰምቻለሁ። "አደንዝዘዋቸው ነው" የሚል አለ። "ሦስተኛው ሕንፃ እኮ አልቋል፣ ሰው ይኖርበታል፣ ውሃው እንኳ አይቋረጥም" የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ክቡርነታቸው ያዘገያሉ፣ ያጣምማሉ፣ ይረሳሉ፤ ግን ይጨርሳሉ።

እኛ ቤት ጣጣው የገባው በአራተኛው ሕንፃ ነው። የገዛችው ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ ስትኖር የስፌት መኪናዋ ዘጠኝ ጊዜ ተጭኖ ዘጠኝ ጊዜ ወርዷል። አከራዮች ድምፁን አይወዱትም። አንዷማ "ዝናብ መጣ ብዬ ያሰጣሁትን ልብስ ስንቴ ላንሳ?" ብላ ነው ያስወጣቻት። ዓይኗም እየደከመ መጥቶ ነበር። የምትፈልገው ማንም "ልቀቂ" የማይላት ቤትና፣ ከመኪናዋ ጎን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ነው። "አሥረኛው ጭነት ወደ ራሴ ቤት ካልሆነ መኪናውን እሸጠዋለሁ" አለች። እትዬ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሕንፃው አሥራ ሁለት ፎቅ ነበር። ውሉ ላይ ስድስት ሆነ። መሬት ሲደርስ ምድር ቤትና ከላዩ ሁለት ፎቅ ሆኖ ረጋ። ሰሌዳው ላይ የመዋኛ ገንዳም ነበረበት። በመጀመሪያው ክረምት፣ ለመሠረት ተብሎ ተጀምሮ የተተወው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ እንቁራሪት ሲንጫጫበት፣ ክቡርነታቸው ጃንጥላ ይዘው መጡና ወደ ውስጥ አዩ።

"ገንዳው ከቤቱ ቀድሞ ደረሰ!" አሉ። "አለቀ በሉት!"

ዋናው ጥበባቸው ግን ኖራው ነው። ሌሎች ቤት አልሚዎች በወረቀት ላይ ሥዕል ያሳያሉ። እሳቸው በባልዲ ኖራ ይዘው ይመጣሉ። በእርምጃቸው እየለኩ፣ ባዶው መሬት ላይ ቤታችሁን በነጭ መስመር ያሰምሩላችኋል። በሩ ጋ ሲደርሱ መስመሩን ይተዉታል፤ ያ ክፍት ቦታ በር ነው። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው "ግቡ እንጂ! በገዛ ቤታችሁ ምን ያሳፍራችኋል?" ይላሉ። ሰውም ይገባል። ትልልቅ ሰዎች ጫማቸውን ሣሩ ላይ ጠርገው ወደ ባዶ ሜዳ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

ምድር ቤቱ ስምንት ቤት ነበረው፤ ጎን ለጎን፣ ተራ በተራ። እትዬ ቁጥር አራት ናት። እያደር እሑድ እሑድ ሁሉም ወንበሩን ይዞ እየመጣ በየሳሎኑ መቀመጥ ጀመረ። ቁጥር ሰባት የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ጫጫታ ሲበዛባቸው ተነሥተው መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ቁጥር ሦስት የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ እሑድ ጋዜጣ ሊዋስ መስመሩን በእግሩ ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ።

"ኧረ አንተ! ግድግዳ ሰብረህ ነው እንዴ የምትገባው?" አለችው እትዬ።

"ውይ፣ ይቅርታ!" አለና ወደ ኋላው ተመለሰ። በራሱ በር ወጥቶ፣ በፊት ለፊት ዞሮ መጥቶ፣ አየሩን በጣቱ አንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጎረቤትሽ።"

"ቆይ፣ ነጠላ ነገር ልደርብ" አለችው፤ ሜዳ ላይ ከነሹራቧ ቁጭ ብላ።

ክረምት ኖራውን ያጥበዋል። ዝናቡ ሲያባራ ክቡርነታቸው ባልዲያቸውን ይዘው እንደገና ያሰምራሉ። በሦስተኛው ዓመት ከቁጥር ስምንት ጀምረው ወደ ቁጥር አንድ ሲመጡ፣ ልክ ቁጥር ሦስት ላይ ጉልበታቸውን ያዛቸው። እርምጃቸው አጠረ፤ ከእሳቸው እርምጃ ጋር ሦስት ቤት አብሮ አጠረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኛ ሕንፃ ሰው ሁለት ዘር ሆነ፤ "ከጉልበት በፊት" እና "ከጉልበት በኋላ"።

"ጋሼ፣ እባክዎ ዘርጋ አድርገው ይርገጡልኝ" ብሎ ለመነ ሹፌሩ። "አልጋዬ እኮ አይገባም!"

"አልጋው ነው የረዘመው፣ ወንድሜ።"

ሹፌሩ ግን የዋዛ አይደለም። "እንግዲያው ልደግፍዎት" ብሎ ክንዳቸውን ያዘና እንደ ሙሽራ እየመራ፣ በየእርምጃው ጎተት ጎተት እያደረገ አስኬዳቸው። በዚያ ዘዴ ለሳሎኑ አንድ ክንድ ተኩል አተረፈ። ቁጥር ሁለትና ቁጥር አንድም አይተው ተሰለፉ። ክቡርነታቸው በዚያ ቀን የተጎተቱት ጉተታ ጉልበታቸውን ይባስ አደረገባቸው።

እትዬ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ቢሯቸው ትልከኝ ነበር። "ቆጣ በል እሺ? ወንድ ልጅ ነህ" ትለኛለች። ቢሮው አንድ ኮንቴይነር ነው፤ ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በካርቶን በካርቶን የተደረደረ የበር እጀታ። የቁጣ ንግግሬን መንገድ ለመንገድ አጥንቼ እገባለሁ። ስወጣ እጄ ላይ የበር እጀታ አለ።

"ምን አሉህ?"

"አለቀ በሉት አሉ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"እሺ ጋሼ።"

"የእናቴ ልጅ፣ የበር እጀታ አራት ሆነልኝ። በሩን መቼ ነው የምታመጣው?"

በአራተኛው ዓመት ክቡርነታቸው መሐንዲስ ቀጠሩ። ቀጠን ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። በእሑድ ቀን ሁላችንም በየሳሎናችን ተቀምጠን ሳለ ቢጫ ቆቧን አድርጋ መጣች። በየበሩ እየገባች፣ በየበሩ እየወጣች ስምንቱንም ቤት ለካች። ከዚያ ወረቀቷን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ወረቀቷን ደግማ አየች።

"ጋሼ፣ ደረጃው የት ጋ ነው?"

"የቱ ደረጃ?"

"ወደ ላይ የሚወጣው።"

ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላሰበውም። እሳቸው አላሰቡም። ሠላሳ ዓመት ስለ ተራራ ከፍታ ያስተማሩት መምህር አላሰቡም። እኔም አላሰብኩም፤ የእኔ እንኳ አይገርምም። የላይኞቹ ፎቆች ገዢዎች፣ አየር ላይ ኖራ ስለማይያዝ፣ በየእሑዱ ሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ሥር እንደ እንግዳ ይቀመጡ ነበር። አሁን ከዛፉ ሥር "እኛስ በምን ልንወጣ ኖሯል?" የሚል ድምፅ መጣ።

መሐንዲሷ ሁለት ቀን አስልታ መልስ ይዛ መጣች። ደረጃው መሃል ላይ መሆን አለበት፤ አንድ ሙሉ ቤት ይበላል፤ ወይ ቁጥር አራት ወይ ቁጥር አምስት። ላይ ያሉት አራትና አምስት ገና ስላልተሸጡ እዚያ ችግር የለም። ምድር ቤቱ ላይ ግን ቁጥር አራት የእትዬ ነው። ቁጥር አምስት ደግሞ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የክቡርነታቸው የራሳቸው ነው።

ሦስት ሕንፃ የሠሩት ሰው በኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት። በየሕንፃው ለራሳቸው አንድ ቤት ያስቀሩና መጨረሻ ላይ ለሰው ይሰጡታል፤ ወይ አንዱ ተበደልኩ ብሎ ይጮሃል፣ ወይ ሲሚንቶ ይጎድላል። ባለቤታቸው አንድ እሑድ መጥተው ነበር፤ ረዘም ያሉ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሴት። በበሩ በኩል ወደ ቁጥር አምስት ገብተው መሃሉ ላይ ቆሙ።

"ማድ ቤቱ የቱ ነው?"

አሳዩዋቸው።

"ይሄንንም ትሸጠዋለህ አይደል?"

"አልሸጥም!"

"ማል።"

"እኔ ልሙት፣ አልሸጥም!"

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ማድ ቤቱ ጥግ፣ መደርደሪያ ይሆናል ያሉት ቦታ ላይ አስቀመጡና ለብቻቸው ፈገግ አሉ። ይህን ሁሉ እትዬም፣ እኔም፣ ሹፌሩም ሰምተናል። በኖራ ግድግዳ ምን ይደበቃል?

መምህሩ በዚያ ሳምንት ውሉን እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። መጨረሻው ገጽ ላይ "አልሚው እንደ አስፈላጊነቱ የገዢውን ቤት በሌላ ሊለውጥ ይችላል" ይላል። ለእትዬ የሚቀርላት ያልተሸጠ ቤት ደግሞ ላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ በጀርባ በኩል የሆነ፣ ፀሐይ የማያየው ነው። ወረቀቱ ከክቡርነታቸው ጋር ነው፣ ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነው፣ ኖራውም በእሳቸው እጅ ነው። በእኔ ግምት ነገሩ ያለቀለት ነበር። "ሂድና ለምናቸው" አለችኝ እትዬ። ሄድኩ። የሜትሩን ጫፍ አስይዘውኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲለኩ ቆዩ፤ አፌን ሳልከፍት ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት ስደርስ እትዬ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና አምጥታ ቁጥር አራት ውስጥ ተክላዋለች። አሥረኛው ጭነት መሆኑ ነው። በእግር የሚረገጥ መኪና ስለሆነ መብራት አይሻም። መስኮቱ ይሆናል ከተባለበት ጎን ፀሐዩን ይዛ፣ ሜዳ መሃል ቁጭ ብላ ትሰፋለች።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቤቴ ገብቼ እየሠራሁ ነዋ! አይታይህም?"

ሹፌሩ ኮቱን ቁልፍ እንድትተክልለት አመጣ። መምህሩ መስኮታቸውን ከፍተው መጋረጃ ይለካልኝ አሉ። ከዛፉ ሥር ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ በበሩ በኩል ተሰልፈው ገቡ። ሳቁና የመኪናው ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ክቡርነታቸው ባልዲያቸውን ይዘው ሲመጡ ነገሩ ሠርግ መስሎ ነበር።

መስመሩ ጋ ሲደርሱ እትዬ ቀና ሳትል "በሩ በዚያ በኩል ነው፣ ጋሼ" አለቻቸው።

ዞረው በበሩ ገቡ።

"ሱሪዎ ጉልበቱ ጋ ተቀዷል። ይቀመጡ።"

"ተይው፣ ምንም አይደል…"

"ይቀመጡ አልኩ እኮ!"

ተቀመጡ። እትዬ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በእጇ ትሰፋው ጀመር። ክሩ አለቀባትና መርፌውን ወደ ፀሐዩ አንሥታ አዲስ ክር በአንድ ጊዜ አስገባች።

"መነጽር አታደርጊም?" አሏት።

"እዚህ ጋ አያስፈልገኝም። ኪራይ ቤት ነው የሚያስፈልገኝ።"

ክቡርነታቸው መርፌውን አዩ፣ ከዚያ መስኮት ይሆናል ያሉትን ቦታ አዩ።  ስፌቱ ሲያልቅ ሱሪያቸውን አራግፈው ተነሡ። በበሩ ወጥተው፣ ዞረው በቁጥር አምስት በር ገቡ። ባለቤታቸው የቆሙበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ባልዲውን አነሡና ማሰመር ጀመሩ፤ አንድ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ። ማድ ቤቱም ሳሎኑም ላይ አለፉ። መሐንዲሷ እየቆጠረች ነበር። አሥራ ስምንት እርከን።

ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው ወደ እኛ ዞሩ። "ቁጥር አምስትን ከድሮም አልወደድኩትም" ብለው ጮኹ። "ንፋስ ይበዛዋል! እርጥበት አለው! ሰው አይኖርበትም! ደረጃው አለቀ በሉት!"

ከእንቁራሪቶቹ ጉድጓድ አጠገብ ያለው ቁጥር ስምንት ነው እንጂ አምስት እርጥበት የለውም። ማንም ግን አልተከራከረም።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ፈጀ፤ እሳቸው ናቸዋ። ሰዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ሹፌሩ "በአራት በኩል የውሃ ቧንቧ ያልፋል፤ እሱን ማንሣት ስላስቸገራቸው ነው እንጂ ጻድቅ ሆነው አይደለም" ይላል። መሐንዲሷን ጠየቅኳት። "ቧንቧው የሚያልፈው በአምስት ነው" አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ለሹፌሩ ነገርኩት። "ታዲያ ሰውዬው ይህንንም ረስተውታል ማለት ነው" አለ። ሊሆን ይችላል። በደንብ አላውቃቸውም ብያለሁ። እንዲያውም ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው "ሌባ" ያሏቸውን ሰዎች ስሰማ ዛሬም "እሱስ እውነት ነው" እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቴ ይሞቃል።

እትዬ የገባችበት ቀን መኪናውን እኔና ሹፌሩ ተሸክመን በእውነተኛ በር አስገባነው። በሩ ላይ ካመጣሁላት እጀታዎች አንዱ ነው ያለው። መስኮቱ ጎን ስናስቀምጠው ፀሐዩ የመኪናው ጎማ ላይ አረፈ። እትዬ ወንበሯን ስባ ተቀምጣ መርገጥ ጀመረች። እኔ ዓይኔን የምጠርግበት ቦታ ፍለጋ ወጣሁ።

ክቡርነታቸው ከደረጃው ሥር ብቻቸውን ቆመው የእርከኖቹን ጠርዝ ያያሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ላመሰግናቸው ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ጋሼ… ባለቤትዎ ምን አሉ?"

አዩኝ። ከዚያ የደረጃውን የብረት መደገፊያ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ያን ጉልበታቸውን እየጎተቱ መውጣት ጀመሩ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ግድግዳው ላይ እንዳትደገፍ" አሉኝ፣ ወደ ታች ሳያዩ። "ቀለሙ አልደረቀም።"